ሳንናበብ

ጥር 6፣ ሰኞ

ዛሬ ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ሲሸጥ ዋለ። መምህሯ ስለ ደመናና ዝናብ ታስተምራለች፣ በልጆቹ ጆሮ ውስጥ ግን አንድ ጎርናና ድምፅ «ተኝተው የማይጠግቡት ፍራሽ!» እያለ ይጮኻል። መምህሯ ምን እንደሚያስቃቸው ስላልገባት ቀሚሷን ደጋግማ አየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን መስማት ለሚቸገሩ ልጆች አንድ ክፍል አለው። መምህሯ ኮሌታዋ ላይ ትንሽ ማሰራጫ ትሰካለች። ልጆቹ ደግሞ አንገታቸው ላይ መቀበያ ያንጠለጥላሉ፤ ድምፁ ከዚያ ጆሯቸው ላይ ወዳለው የመስሚያ መሣሪያ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት መቀበያዎቹን ከማሰራጫው ጋር እየዞሩ ማናበብ የእኔ የቴክኒሻኑ ሥራ ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነበር።

አሁን ከመንገዱ ማዶ፣ አዲሱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ማማውን ተከለ። የኛ ማሰራጫ አቅሙ ከዚህ ግድግዳ ብዙም አያልፍም። የእነሱ ግን ምን ልበል፣ የጣሪያችን ቆርቆሮ ራሱ መዝፈን ነው የቀረው።

ልጄ ድንቡሼ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት። ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። ነገሩ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።


ጥር 8፣ ረቡዕ

ልጆቹ ማስታወቂያውን በቃላቸው ይዘውታል። በእረፍት ሰዓት ተሰብስበው ሲያወርዱት መምህሯን እንኳ ሳቋ አመለጣት። ድንቡሼም ሳቀች፤ ግራና ቀኝ አይታ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግየት ብላ። ጭምት ናት። በዚህ በእኔ ወጥታለች።


ጥር 11፣ ቅዳሜ

ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈናል።

«ከኋላዋ ቆሜ ደጋግሜ ጠራኋት፣ ቀና እንኳ አላለችም» አለችኝ።

ባትሪው ነው አልኳት።

«ባትሪውን ትናንት ቀይረኸዋል።»

እንግዲያው የመስሚያዋ ቱቦ ላብ ይዞ ይሆናል አልኩ። ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

የጠባችን ሥር የታወቀ ነው። ባለፈው ዓመት የጆሮ ሐኪሟ ድንቡሼን መርምራ «የቀራት የመስማት አቅም ሊቀንስ ይችላል፤ ቶሎ ቶሎ አምጧት» ብላን ነበር። ከቀነሰ እኛ ክፍል መማር አትችልም ማለት ነው። ከተማው ዳር ወዳለው፣ በምልክት ቋንቋ ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ትዛወራለች። ቀጠሮው ደርሷል። ባለቤቴ እንውሰዳት ትላለች። እኔ ደግሞ ይሄ ማማ እያለ የሚደረግ ምርመራ ምን ይረባል እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ፍራሽ ሲሸጥባት የዋለች ልጅ ተመርምራ ምን ሊገኝ?

«ምርመራው እኮ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ነው» አለችኝ።

አውቃለሁ። የሬዲዮን ነገር ደግሞ እሷ ልታስተምረኝ ነው እንግዲህ። መጀመሪያ መቀበያዎቹ ይስተካከሉ፣ ከዚያ እንወስዳታለን። መቼ አንወስዳትም አልኩ?


ጥር 15፣ ረቡዕ

ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። የዚያ ጎርናና ድምፅ ባለቤት ቀጭን፣ ሹራብ የደረበ፣ ጉንፋን ያጣደፈው ሰውዬ ሆኖ አገኘሁት። ግማሹ ንዴቴ እዚያው በነነ። ቴክኒሻናቸውም ጨዋ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ፈቃዳቸውን አሳየኝ። የተሰጣቸው ሞገድ ከኛ ይርቃል። በወረቀት ጥፋት የለባቸውም። ጉልበታቸው ነው እንጂ የሚደፍቀን።

«እኛ እኮ በራሳችን መንገድ ነው የምንሄደው ወንድሜ» አለኝ።

«መንገዱስ የራሳችሁ ነው፣ ጡሩምባው ግን የሚነፋው እኛ ቤት ነው» አልኩት።

ሳቀ። አንቴናውን ትንሽ ማዞር ይፈቀድ እንደሆነ አለቆቹን እጠይቃለሁ አለ። ልጆች ናቸው በላቸው አልኩት። የራሴ ልጅ እንዳለችበት አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት እንጃ።


ጥር 21፣ ማክሰኞ

የመቀበያ ጠባይ ይህ ነው። ሲከፈት በአየር ላይ ያለውን ሁሉ ያስሳል፣ ከዚያ ጉልበት ያለውን አንቆ ይይዛል። መያዙን ለማሳወቅ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ማንን እንደያዘ ግን ጉዳዩ አይደለም። እኛ ክፍል ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ሁሉም ፍራሽ ይሸጣል።

ስለዚህ ከመምህሯ ድምፅ ሥር የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ቃና አስገባሁ፣ እንደ ይለፍ ቃል። መቀበያው ያንን ቃና ካላገኘ ጭጭ ይላል፣ አረንጓዴውም አይበራም። እንቅልፌን ያጣሁበት ሥራ ነው፤ ስጨርሰው ራሴን በራሴ ጎሽ አልኩት።

ልጆቹን ሰብስቤ አስረዳኋቸው። «አረንጓዴው ከበራ መምህርታችሁን እየሰማችሁ ነው ማለት ነው። ከጠፋ ጥሩኝ።» ድንቡሼ አፍ አፌን እያየች ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ አስደገምኳት።

«አረንጓዴ ከሆነ መስማት ነው» አለች።

ጎበዝ አልኳት። በየጠዋቱ መምህሯ «ማን ያዘለት?» ስትል ቀድማ እጇን የምታወጣው የእኔዋ ናት።


ጥር 28፣ ማክሰኞ

ችኮላ ላይ ነኝ። መቀበያዎቹ ቃናውን ያገኛሉ፣ ማማው ይደፍቅባቸዋል፣ እንደገና ፍለጋ። ልጆቹ ቆራጣ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሰሙት። ማጣሪያ ያስፈልጋል። ቀጭን ሽቦ የለም። ዘበኛው ከተበላሸ ደወል ፈትቶ አመጣልኝ፣ ይባረክ። ጣቴን አቃጠልኩ።

የቃል ጽሕፈት ነበር። አብዛኞቹ ወደቁ። ድንቡሼ ባዶ ወረቀት መለሰች።

ይሄ ማማ!


የካቲት 3፣ እሁድ

ባለቤቴ የምትሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። መኪናዎቹ ስለሚያደነቁሩ ሴቶቹ በእጅ መነጋገር ይቀናቸዋል። ከባለቤቴ ጎን የምትሰፋዋ ደግሞ ከናካቴው አትሰማም፤ የምልክት ቋንቋ የተማረች ናት። ባለቤቴ ከእሷ የለቃቀመችውን እቤት ይዛ ትገባለች። ዛሬ እናትና ልጅ አልጋው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሲያወናጭፉ ደረስኩባቸው። ድንቡሼ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

«እጅ ካስለመድሻት አፏን ትተወዋለች» አልኩ።

«ጨዋታ ነው» አለች ባለቤቴ።

ጨዋታ ከሆነ እሺ።

«አንተም እስቲ ና ቁጭ በል።»

የምበይደው ነገር አለብኝ ብዬ ወጣሁ። እውነትም ነበረብኝ።


የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ሶኬት እያሰርኩ ነበር፣ ብሎን በጥርሴ ይዤ። መምህሯ ውስጥ ሆና ለርእሰ መምህሩ ስትነግረው ሰማሁ።

«የምትከተለኝ አፌን አይታ ነው። ፊቴን ወደ ሰሌዳው ካዞርኩ አለቀ። ግን ቴክኒሻኑ አባቷ ነው፤ ማን ደፍሮ ይንገረው?»

«ተርሙ ይለቅና እናያለን» አላት።

ብሎኑን ልውጠው ምንም አልቀረኝም። እዚህ ግቢ ያለሁት ቴክኒሻን እኔ ብቻ ነኝ፤ ቢሆንም ስም አልጠሩም።


የካቲት 20፣ ረቡዕ

ዞረች!

ጀርባዋን ሰጥታኝ ሥዕል እየሳለች ነበር። በሩን በኃይል ወረወርኩት፤ ብድግ ብላ ዞረች። ባለቤቴን ጠርቼ እንደ ሕፃን እየቦረቅሁ ነገርኳት።

«ወለሉ እኮ ነው የተነቃነቀው፣ እኔም በእግሬ ነው የሰማሁት» አለችኝ።

ይህቺን ሴት ደስ የሚያሰኛት ነገር የለም። በኋላ ብርጭቆ በማንኪያ መታሁ፣ ድንቡሼ ቀና አላለችም። ሥዕሏ ላይ ነበረች። ሥዕል ላይ ያለ ልጅ መቼ ይሰማል?


የካቲት 29፣ ዓርብ

ልጄን የማስተኛት እኔ ነኝ። መብራቱን አጥፍቼ፣ አጠገቧ ጋደም ብዬ፣ ከራሴ እየፈጠርኩ አንድ ታሪክ አወራላታለሁ። ድሮ ጥያቄዋ አላስጨርስ ይለኝ ነበር። «ለምን? ከዚያስ? ዝሆኑ ታዲያ በየት በኩል ወጣ?» አሁን ዝም ብላ ታዳምጣለች። ወዲያው ትተኛለች። እያደገች ነው።

ዛሬ ጨለማው ውስጥ እጇን አምጥታ ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈችው። ሳወራ ይዛኝ ቆየች፤ ዝም ስል እጇን አነሳች፣ ስቀጥል መለሰችው። በርዷት ነው መሰለኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳብኩላት።

እሷ ከተኛች በኋላ መነሣት አቃተኝ። ፈርቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ቀን ቀን በሥራ እሸፍነዋለሁ፣ ማታ ማታ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ልጄን ከመንደሯ፣ ከጓደኞቿ፣ ከአፏ ነጥለው የሚወስዱብኝ ይመስለኛል። ያ ማማ ባይተከል ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። የምፈራው ማማውን ነው።


መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

የጣቢያው ቴክኒሻን ደወለ። አለቆቹ ፈቅደዋል! እሁድ አንቴናውን ያዞሩታል፣ እኔም እንድገኝ።

ባለቤቴ ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ አስይዛለች። ሳትጠይቀኝ። ለመጋቢት 20። ይሁና፤ እስከዚያ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ያዩታል።


መጋቢት 8፣ እሁድ

ጣሪያው ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል። የጣቢያው ቴክኒሻን ማማው ላይ ወጣ፣ እኔ ከሥር መፍቻ አቀብላለሁ። ታች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዘበኛው መቀበያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በስልክ ያወራኛል። አንቴናው ትንሽ ዞረ። «አሁንም ይጮኻል ጋሼ!» ትንሽ ጨመርን። «አሁን ያጉረመርማል!» ሌላ ትንሽ። ዝም አለብኝ።

«አለህ?» አልኩት።

«አለቀ ጋሼ! ፍራሹ አለቀ!»

እዚያው ጣሪያ ላይ ከቴክኒሻኑ ጋር ተቃቀፍን። ከዚያ ሁለተኛውን ረድፍ በመስኮት አሳየሁትና ልጄ እዚያ እንደምትቀመጥ ነገርኩት። ፈገግታው ጠፋ።

«ታዲያ ይሄን ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ አፌ እያፏጨ ነበር።


መጋቢት 9፣ ሰኞ

ኩልል ያለ ነው። አንድ ልጅ እንኳ ድምፁ አልጠፋበትም። መምህሯ እንዲያውም ሹክሹክታ ሞከረች፤ ከኋላ ረድፍ ያለው ወፍራሙ ልጅ ደገመላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሰርግ አባት እደሰታለሁ።

ከዚያ የቃል ጽሕፈት። መምህሯ አፏን እንዳያዩባት መጽሐፍ ፊቷ ላይ እንድትይዝ የጠየቅኳት እኔው ነኝ። ማሳየት ፈለግኋ። ያን ቀን ብሎን በጥርሴ ይዤ የሰማሁትን ማስተባበል ፈለግሁ።

«የያዘላችሁ?» አለች። ድንቡሼ እጇን አወጣች፣ እንደ ሁልጊዜው ቀድማ። አረንጓዴዋ በርቷል። «የምትሰሙትን ጻፉ» የሚለው ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። መምህሯ ፊቷን ሸፍና «ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል፣ ወፎቹም ወጥተዋል» ብላ ደጋግማ አነበበች። ልጆቹ አጎነበሱ። ድንቡሼ መጽሐፉን አየች፣ የጎረቤቷን እርሳስ አየች፣ አንገቷ ላይ ያለውን መብራት አየች፣ ከዚያ ጻፈች። ደስ ብሏት ጻፈች።

ወረቀቷን እኔ ነኝ የሰበሰብኩት። በዚያ ክብ ክብ ፊደሏ አንድ ቃል ብቻ አለበት።

አረንጓዴ።


መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

መቀበያዋን ቀየርኩ። የመስሚያ መሣሪያዋን ቀየርኩ። ሽቦውን ቀየርኩ። ባትሪ። እንደገና መቀበያዋን። በመጨረሻ የእሷኑ መሣሪያ አውልቄ በራሴ ጆሮ ላይ አደረግሁት። መምህሯ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆና ሳል ስትል ሰማኋት። የወረቀት ድምፅ ሰማሁ። የራሷን ትንፋሽ ሰማሁ።

የምቀይረው ነገር አለቀብኝ።


መጋቢት 13፣ ዓርብ

ሦስታችን ተቀመጥን። መብራቱ ሥር፣ ድንቡሼ አፌን እንድታየው ፊት ለፊቷ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፣ ቀስ አድርጌ።

ግራ ገባት። «ነገርኩህ እኮ። በየቀኑ አረንጓዴ ነው አልኩህ።»

እናቷን አየሁ። እሷም ስትነግረኝ መክረሟ ያኔ ገባኝ። «እኔም ነግሬሃለሁ» ትበለኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። አላለችኝም። እጄን ያዘችኝ። ልጄ ደግሞ የምንጣላ መስሏት አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች፣ አፋችን ላይ የሚነበብ ነገር ፍለጋ።

ጨለማ ውስጥ ያወራኋቸው ታሪኮች ትዝ አሉኝ። ያ ሁሉ ዝሆን። ጉሮሮዬ ላይ ያደረገችው እጅ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ቧንቧውን የከፈትኩት እንዳትሰማኝ ብዬ ነው። እንደማትሰማ ያሰብኩት ከከፈትኩት በኋላ ነው።


መጋቢት 20፣ ዓርብ

ሐኪሟ ውጤቱን ስታሳየን ድምጿን አልለወጠችም፤ ለዚያ አመሰግናታለሁ። የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የአንድ ሳምንት ነገር አይደለም፤ ሲወርድ የከረመ ነው።

«ቀደም ብዬ አምጥቻት ቢሆን?» አልኳት።

«ጆሮዋን አናተርፈውም ነበር። ራስህን በዚያ አትውቀስ» አለችኝ። እፎይ ልል ስል ጨመረችበት። «ጊዜውን ግን ታተርፍ ነበር። ይሄን ሁሉ ወር የምትማርበት ቋንቋ ሳይኖራት ነው የተቀመጠችው።»

ባለቤቴ «ትንሽ ትንሽ አላት» አለች፣ ጠረጴዛውን እያየች። «እኔና እሷ እንሞክራለን።»

ሐኪሟ ባለቤቴን እቅፍ አደረገቻት። እኔ የድንቡሼን ሹራብ ይዤ ቆሜ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ለርእሰ መምህሩ ራሴ ነገርኩት። «ልጄ አትሰማም» አልኩት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። ወንበር ሊስብልኝ ተነሣ፤ ብቀመጥ እንደማልነሣ ስላወቅሁ እምቢ አልኩ።


መጋቢት 25፣ ረቡዕ

መቀበያዋን ለአዲስ ገቢ ልጅ አናበብኩት። ወዲያው ያዘ። ምንም ነገር አላስቸገረውም። ክፍሉ ሰላም ነው፣ ሥራዬ እንደ ድሮው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።


ሚያዝያ 7፣ ሰኞ

አዲሱ ትምህርት ቤት ወሰድናት። ግቢው በልጆች ተሞልቷል፤ ሩጫና አቧራ አለ፣ የሚጠራራ ግን የለም። እኔ ደንግጬ ቆምኩ። ድንቡሼ እጄን ለቀቀች።

የክፍሏ መምህርት ራሷም አትሰማም፤ ከእኛ ጋር የተነጋገረችው በባለቤቴ በኩል ነው። እዚያ ሰው ሁሉ የእጅ ስም አለው፣ በጠባዩ ወይም በመልኩ የሚወጣለት። መምህርቷ ድንቡሼን ይዛችሁ የመጣችሁት እነማን ናችሁ ብላ ጠየቀች። ድንቡሼ እናቷን አሳየች፤ በጣቶቿ መርፌና ክር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን ወደ ታች ሰብራ፣ በሁለት ጣቷ ደረቷን፣ ልክ መቀበያው የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ፣ መታ መታ አደረገች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ያንተ ስም ነው» አለች ባለቤቴ። «ድሮ ነው ያወጣችልህ።»

«ምን ማለት ነው?»

ልትነግረኝ አልፈለገችም። መምህርቷም ገብቷት ነው መሰል ልጆቹን ማየት ጀመረች።

«አንተ ስትመጣ መብራቱን ነው የምታየው» አለችኝ በመጨረሻ። «ፊቷን ሳይሆን።»

ግቢው መሃል ቆሜ ያን ሁሉ ጠዋት አሰብኩ፤ ወደ ክፍሉ ስገባ ልጄ ቀና ብላ ስትጠብቀኝ፣ እኔ ደግሞ ከአገጯ በታች ሳይ። ይሄ ስም ይቀየራል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። ጠየቀቻት። ድንቡሼ ራሷን ዘንበል አድርጋ አሰበችበት፣ ከዚያ ለእናቷ መለሰችላት።

«መጀመሪያ የእኔን ይወቅ አለች።»

የእሷንም ስም አላውቅም ለካ።

አሳየችኝ። አንዱን ጉንጭ መንፋት፣ በጣት ጫን ማድረግ። ሞከርኩ፤ ጉንጬ እምቢ አለ፣ አየሩ በአፍንጫዬ ወጣ። አጠገባችን ያሉ ልጆች ተሰብስበው ሳቁብኝ። እንደገና ስሞክር ጣቴን አይቼ፣ ጉንጬን አስተካክዬ፣ ያቺን ቦታ እንዳልስት ተጠንቅቄ ነበር። ድንቡሼ ራሷን ነቀነቀች። አገጬን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገችው።

«እያየኸኝ» አለች።

በአፏ ነው ያለችው፣ ለእኔ እንዲገባኝ ብላ።